የማምሸት ወግ

ታኅሣሥ ወደ ቡሌ ሆራ የሚገባው በአፍንጫ በኩል ነው። ከከተማዋ ወጣ ብለው ባሉት የቡና ማጠቢያዎች የእሸቱ ገለፈት ተከምሮ መፍላት ሲጀምር፣ ጠጅ ጠጅ የሚል ኮምጣጣ ሽታ ነፋሱን ተሳፍሮ እስከ ዋናው መንገድ ይዘልቃል። ማለዳው ጉም ነው፤ ቀትሩ ፀሐይ፤ ማታው ደግሞ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ። ሽታው ሲመጣ ገንዘብ ይመጣል። ገንዘብ ሲመጣ የከረመ ዕዳ ይከፈላል፣ የቤት ቆርቆሮ ይገዛል፣ የሠርግ ቀን ይቆረጣል። ከሁሉም በኋላ፣ ቀስ ብሎ፣ ገና ይመጣል።

ከተማዋን ለማታውቋት ወዳጆቼ እንዲህ ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 470 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ሐዋሳንና ዲላን፣ ይርጋ ጨፌንም አልፎ ወደ ያቤሎና ወደ ሞያሌ በሚወርደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች የምዕራብ ጉጂ ዞን ዋና ከተማ ናት። ሽማግሌዎች ዛሬም «ሀገረ ማርያም» ይሏታል፤ ወጣቱ «ቡሌ ሆራ» ይላል። እኔ ግጥም ስጽፍ በአንዱ፣ ቅጽ ስሞላ በሌላው እጠራታለሁ። የትኛውን ለየትኛው እንደማውለው ግን አልነግራችሁም።

የገና ሰሞን የሚጀምረው መቼ ነው? ለእናቴ መልሱ ቁርጥ ያለ ነው፤ ኅዳር 15 ቀን፣ የነቢያት ጾም ሲገባ። ከዚያ አርባ አራት ቀን ትቆጥራለች። ለእኔ ግን ከአርባ አራቱ ሁሉ የሚበልጡብኝ ወደ መጨረሻው ገደማ የሚመጡት ሦስት እሑዶች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ብላ የሰየመቻቸው። በስብከት ነቢያት ይመጣል ብለው የተናገሩለት ይታሰባል፤ በብርሃን ጨለማውን የሚገፍፈው ይጠበቃል፤ በኖላዊ እረኛው ይለመናል። እነዚህን ሦስት ቃላት ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ አንድ አጭር ግጥም ስሰማቸው ኖሬአለሁ። ማን ገጣሚ ነው ተስፋን፣ ብርሃንንና እረኛን በዚህ ቅደም ተከተል ያሰለፈው እያልሁ እደነቃለሁ። (እዚህ ላይ አንድ የከተማችንን ቀልድ ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። መብራት ከሌሎቹ ሳምንታት ይልቅ በብርሃን ሳምንት ይጠፋል ይባላል። እኔ ቆጥሬ አላረጋገጥሁም፤ ቀልዱ ግን በየዓመቱ ይነገራል፤ በየዓመቱም ይሳቅበታል።)

በሌላው ዓለም ይህን ሰሞን ከተማው ራሱ ያስጀምረዋል። በጀርመኗ ኑረምበርግ ከመጀመሪያው የአድቬንት እሑድ በፊት ባለው ዓርብ ምሽት የገና ገበያው በይፋ ይከፈታል። በኒው ዮርክ የሮክፌለር ማዕከሉ ትልቅ ዛፍ የሚበራበትን ምሽት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ያስተላልፉታል። ቁጥር ወደ ኋላ ይቆጠራል፣ መብራቱ ቦግ ይላል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ምሽቱ እንደ አዲስ ድልድይ ተመርቆ ለአገልግሎት ክፍት ይሆናል። አዲስ አበባም ብትሆን በዚህ አትታማም። በኤግዚቢሽን ማዕከል ለዓመታት ይካሄድ የነበረውን የገና ባዛር የማያስታውስ የለም፤ ግፊያው፣ የድምፅ ማጉያው ጩኸት፣ የልጆች ፊኛ፣ በሰው እግር የተነሣው አቧራ። ላሊበላ ደግሞ ሌላ ዓለም ናት። ከየአውራጃው በእግሩ የመጣ ምእመን በዐለቱ ዙሪያ ሌሊቱን ሲጠብቅ አድሮ፣ ካህናቱ በቤተ ማርያም አፋፍና ሥር ቆመው ቤዛ ኩሉን ሲሉ ይሰማል። 

ቡሌ ሆራ ምሽቷን የሚመርቅላት የላትም። ቁልፍ የሚጫን ሹም፣ ቁጥር የሚቆጥር ሕዝብ፣ የሚበራ ዛፍ አይታይባትም። እዚህ የበዓል ምሽት እንደ ዕቁብ ነው፤ እያንዳንዱ ከየቤቱ የሚያዋጣው ነገር ካላመጣ አይሞላም። አንዱ ሻማ፣ አንዱ ከበሮ፣ አንዱ የተከፈተ በር፣ አንዱ ሳቅ ይዞ መምጣት አለበት። ለዚህም ነው ልነግራችሁ የፈለግሁት። ምሽት ሊዋጣ እንደሚችል ያወቅሁት ሳይዋጣ የቀረባቸውን ዓመታት ስላየሁ ነው።

አስቀድሜ ስለ ሁለት ሰላምታዎች ላውጋችሁ።

አማርኛችን ለምሽት የተለየ ግሥ አለው። ዋለ፣ አመሸ፣ አደረ። ለቀኑ አንድ፣ ለሌሊቱ አንድ፣ ለመካከሉም አንድ። «እንዴት አመሸህ?» ስንል ምሽቱን ሰውዬው እንዳሳለፈው፣ እንደኖረበት አድርገን ነው የምንጠይቀው። ማምሸት በእኛ ቋንቋ ሥራ ነው፤ የሚሠሩት፣ የሚቆዩበት፣ አንዳንዴም በእናት የሚገሠጹበት። በአዲስ አበባ የዲግሪ ትምህርቴን ስከታተል በራስ ሆቴል ለጦቢያ ግጥም በጃዝ ስሰለፍ፣ አዳራሹ ሞልቶ ደረጃ ላይ ቆሜ ግጥም ስሰማ፣ አመሸሁ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ያደግሁባት ከተማ ሁለተኛ ቋንቋ ግን ሌላ ያስተምረኛል። በኦሮምኛ «አካም ኦልተ?» እንዴት ዋልህ ነው፤ «አካም ቡልተ?» እንዴት አደርህ። የምሽቱ ሰላምታ ግን «አካም ገልተ?» ነው። ቃሉን ፈትቶ ለሚያየው «እንዴት ገባህ?» ማለት ነው። እንዴት ወደ ቤትህ ተመለስህ? ከብቶቹስ? መንገዱስ? የከብት አርቢ ሕዝብ ሰላምታ መሆኑ ያስታውቃል፤ ምሽት ለእርሱ በረቱ ሞልቶ አጥሩ የሚዘጋበት ሰዓት ነው። አንዱ ቋንቋ በምሽቱ ውስጥ ስለነበረህ ቆይታ ይጠይቅሃል፤ ሌላው ከምሽቱ በደኅና ስለማምለጥህ። ልጅ ሳለሁ ሁለቱ አንድ ይመስሉኝ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቀሉ። በቀጣዮቹ ዓመታትም በጉጂ ዞኖች በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል የተደረገው ውጊያ መንገዱን አስፈሪ አደረገው። ፖለቲካውን ለሚያውቁት እተዋለሁ። እኔ ከመስኮቴ ያየሁት ምሽት ሲያጥር ነው፤ ታጥቦ እንደሚሰበሰብ የሱፍ ሹራብ፣ በየታጠበበት ቁጥር አንድ ጣት እያጠረ። በመጀመሪያ ባጃጆች በጊዜ መግባት ጀመሩ። ቀጥሎ ሻይ ቤቶች ወንበራቸውን ከደጅ ወደ ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ሱቆች ግማሽ መዝጊያ ዘግተው መሸጥ ለመዱ። በመጨረሻ ሰዎች፣ አማርኛ ተናጋሪዎቹም ሳይቀሩ፣ ማታ ሲገናኙ «እንዴት አመሸህ?» ማለትን ትተው «ገባህ?» ይባባሉ ጀመር። ስልክ ይደወላል፤ «ገባህ?» «ገብቻለሁ።» ስልኩ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ የሚወራ አልነበረም።

ባንክ ቤት ይህን በቁጥር ያየዋል። በእኔ ሙያ ገና የሚታወቀው በገንዘብ ማውጫ ቅጽ ነው። ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ ገበሬው የእሸቱንና የጀንፈሉን ሒሳብ ይቀበልና ሰልፉ እስከ ደጅ ይደርሳል። መፈረም የማይችለው አውራ ጣቱን ያትማል። የቡና ለቀማ ወራት አውራ ጣት ቀለም ሳይነካው የጠቆረ ነው፤ አንዳንዴ ከማኅተሙ ቀለምና ከቡናው ቀለም የትኛው ቅጹ ላይ እንዳረፈ አይለይም። የብር ኖቱ በተለወጠበት በ2013 ዓ.ም. ገና ሰሞን አዲሷን ሐምራዊ ሁለት መቶ ብር እያንዳንዱ ሽማግሌ ወደ ብርሃን አንሥቶ ሳያገላብጥ ኪሱ አይከታትም ነበር። ከኋላ ያለው ሰልፈኛ ይነጫነጫል፤ ሽማግሌው አይሰማም። እኔም አላቻኩልም ነበር። ሰው የአንድ ዓመት ልፋቱን በብርሃን ቢያየው ምን ይላል?

በክፉዎቹ ዓመታት ግን ሰልፉ ጠዋት ሞልቶ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ይበተን ነበር። ገበሬው ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበሌው መድረስ አለበት። ገንዘቡን ይዞ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በፊት። አንድ ደንበኛ ነበሩኝ፤ በየዓመቱ በገና ዋዜማ ይመጡና ለበግ የምትበቃ፣ ከዚያም የማትተርፍ ገንዘብ ያወጡ ነበር። ቅጹን እኔ እሞላላቸዋለሁ፤ እርሳቸው ያትማሉ፤ ሲወጡም በመስታወቱ ቀዳዳ በኩል «ነገያ!» ይሉኛል፤ ሰላም ሁን። በአንደኛው ዓመት አልመጡም። በሁለተኛውም። ሒሳባቸው ዛሬም አለ፤ ወለዱም ይታሰብለታል። ስለ ደንበኛ ሒሳብ ከዚህ በላይ ማውራት ሙያዬ አይፈቅድልኝም፤ ከዚህ በላይም የማውቀው የለኝ።

አሁን ወደ 2016 ዓ.ም. ዋዜማ ልውሰዳችሁ።

ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ጳጉሜን ስድስት ሆና ስላለፈች ገና በታኅሣሥ 29 መዋሉ ቀርቶ በ28 ዋለ፤ ዋዜማውም ቅዳሜ 27 ሆነ። ይህ በየአራት ዓመቱ የሚመጣ ነገር ቢሆንም በየአራት ዓመቱ ሰው ያስደነግጣል። በዚያ ቅዳሜ ረፋድ አንድ አዛውንት መስኮቴ ላይ ደርሰው፣

«ልጄ፣ ነገ ትከፍታላችሁ?» አሉኝ።

«አባቴ፣ ነገማ ገና ነው።»

«ነገ? ነገ 28 አይደለም እንዴ?»

«ነው፤ ዘንድሮ በ28 ነው የሚውለው።»

ጥቂት አሰቡና፣ «ታዲያ አንዷን ቀን ማን ወሰደብኝ?» አሉ።

«ጳጉሜን ናት የወሰደችው» ብዬ መለስሁ። ይኼኔ በር ላይ የቆመው ጥበቃ ጣልቃ ገብቶ «ባንኩ ካልሆነ ደኅና ነው!» ሲል ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። በዚያ አዳራሽ እንደዚያ ያለ ሳቅ ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። አዛውንቱም ሳቁ። ገንዘባቸውን ሁለት ጊዜ ቆጥረው፣ በፌስታል ጠቅልለው፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ።

ከሥራ ስንወጣ ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት የቅርጫውን ጉዳይ መጨረስ ነበረብኝ። ባንክ የሚሠራ ሰው በሰፈሩ የቅርጫ ገንዘብ ሰብሳቢ ከመሆን አያመልጥም፤ ግጥም መጻፌ ማንንም አያሳስብም፤ መደመር መቻሌ ግን ለሁሉም በቂ ነው። በሬው ተገዝቷል፤ ዐሥር መደብ ነበር፤ ዘጠኙ ከፍሏል፤ ዐሥረኛው «ነገ ጠዋት» ብሏል። ዐሥረኛው ምን ጊዜም «ነገ ጠዋት» ይላል።

ሻይ ቤት ጎራ አልሁ። ቴሌቪዥኑ ስለ ቤተልሔም ያወራ ነበር። በዚያ ሰሞን፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በታኅሣሥ 2023፣ የጌታ መወለጃ የሆነችው ከተማ በጋዛው ጦርነት ምክንያት የገና በዓሏን ድምቀት ሰርዛ ነበር። በየዓመቱ በአደባባይዋ የሚበራው ትልቅ ዛፍ አልበራም፤ ሰልፍና ሙዚቃም አልነበረም። ጸሎቱ ብቻ ቀረ። ምስሉ ላይ ባዶ አደባባይ ይታያል። ከጎኔ ተቀምጦ ሻዩን ያማስል የነበረ የጭነት መኪና ሾፌር ለማንም ሳይሆን ለራሱ፣

«አይ ቤተልሔም… እሷም በጊዜ ገባች» አለ።

ማንም አልመለሰለትም። ሁላችንም ግን ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶን ነበር። በጊዜ መግባትን ከእኛ የበለጠ ማን ያውቀዋል? በሺህ ኪሎ ሜትሮች የምትርቅ ከተማ በዚያች ቅጽበት እንደ ጎረቤት ቀበሌ ሆና ታየችኝ።

ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይ ጠለቀች፤ መብራቱም እንደ ልማዱ አብሯት ሄደ። በዚህ ጊዜ ባለፉት ዓመታት የሚሆነውን አውቃለሁ፤ የበር ብረት ይንኳኳል፣ መቀርቀሪያ ይወረወራል፣ ውሾች ይረከቡናል። ያን ቀን ግን የመቀርቀሪያ ድምፅ ስጠብቅ አልመጣም። ከእኛ ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ፣ ሙስሊም ነው፣ መዝጊያውን ግማሽ ማውረዱን ትቶ አንድ የለስላሳ ሣጥን ደጅ አወጣ፤ ገለበጠው፤ ሻማ ደረደረበትና አንዱን ለኮሰው። «ለማሳያ ነው» አለኝ ፈገግ ብሎ። ለንግዱ ብሎ ነው ካላችሁ ንግዱም አለበት፤ ነገር ግን በዚያች ጨለማ ውስጥ የመጀመሪያው መብራት እርሱ ያበራት ነበረች። ቀጥሎ ቄጤማ ሻጮቹ ልጆች ወደ ብርሃኑ ተጠጉ። ከእነርሱ ቀጥሎ ዶሮዋ እስከ ማታ ያልተሸጠችላት ሴት መጣች፤ ዋጋው እየወረደ፣ ክርክሩ እየደመቀ ሄደ። ነጠላ ያጣፉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከላይ ሰፈር በቡድን ሆነው ሲወርዱ ታዩ፤ አገራቸው ሩቅ ስለሆነ ለበዓል መሄድ ያልቻሉ ናቸው። ጠባያቸውን ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ከትግራይ፣ አንዱ ከወላይታ፣ አንዷ ከጎጃም፤ ሁሉም ስለ እናቱ ዶሮ ወጥ ያወራል፤ ሁሉም የእናቱን ያስበልጣል።

ከምሥራቅ በኩል ከወንጌላውያን ቸርች በጄኔሬተር የሚሠራ ኪቦርድና የመዘምራን ድምፅ ይመጣል። ከምዕራብ ድምፅ ማጉያ በሌለበት ራቁቱን የቀረ የከበሮ ምት ይሰማል። የሁለቱ ምት አይገጥምም። እኛ ሰፈር መካከል ላይ ስለሆነች ሁለቱም ይደርሱናል። ጆሮዬ ግጥም የለመደ ነውና በሌላ ቀን ቢሆን ይረብሸኝ ነበር። ያን ማታ ግን ምታቸው ባለመግጠሙ ደስ አለኝ፤ ሁለቱም አልገቡም ማለት ነውና።

እናቴ በሩን አልዘጋችውም። ፋኖሱን ለኩሳ በራፉ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው፤ እርሷም በርጩማዋን አወጣች። ለምን እንዳልዘጋች አልጠየቅኋትም፤ ብጠይቃት ትዘጋዋለች ብዬ ፈራሁ። ከባንክ ኪሴ የገባች አንዲት የተበላሸች ቅጽ ነበረችኝ፤ ከጀርባዋ በፋኖሱ ብርሃን እነዚህን አራት መስመሮች ሞነጫጨርሁ። ጥሩ ግጥም ናቸው ብዬ አይደለም፤ በዚያች ሰዓት የተጻፉ ስለሆኑ ነው የማካፍላችሁ፦

ፀሐይ ስትጠልቅማ ጨለማ ነው ስሙ፤
ምሽት የሚሆነው ሰዎች ሲያዘግሙ፣
ደጃፍ ክፍት ሲያመሽ፣ ልጆች ሲያዜሙ፣
ሁለት ጎረቤቶች ባንድ ፋኖስ ሲቆሙ።

ሁለተኛዋ ጎረቤት ወዲያው ደረሱ። ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» ይላቸዋል፤ ጉጂ ናቸው፤ ከእናቴ ጋር ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ጉርብትና አላቸው። በነጠላቸው የተሸፈነ የእንጨት ገበቴ ይዘዋል። ሽታው ከእርሳቸው ቀድሞ ገባ፤ ቡና ቀላ። ለማታውቁት፦ ያልተፈለፈለ ቡና ከነቅርፊቱ በቅቤ የሚጠበስበት የጉጂና የቦረና ጥንታዊ ክብር ነው። ቡናው በጋለው ቅቤ ውስጥ ጠሽ ጠሽ እያለ ሲፈነዳ ይመረቃል፤ ለእንግዳም፣ ለልጅም፣ ለከብትም፣ ለዝናብም። ቡናን ከመጠጣት በፊት ይበሉት የነበሩ ሕዝቦች ናቸው እላለሁ፤ ይህ የእኔ ግምት ነው።

እናቴ ገበቴውን አየችና ፊቷ ተጨነቀ። «አዴ፣ ጾም አይደለሁ? ቅቤ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ» አሉ አዴ፣ በዚያ እየሰበሩ በሚያሳምሩት አማርኛቸው። «አርባ ምናምን ቀን ስትቆጥሪ እኔም ሰምቼ እቆጥራለሁ። ይኼ የዛሬ አይደለም። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ነው። ፍም ላይ ታሞቂዋለሽ።»

እናቴ ገበቴውን በሁለት እጇ ተቀብላ ጓዳ አስገባችው፤ በንጹሕ ጨርቅም ከደነችው። ከዚያ ሁለቱ አሮጊቶች በፋኖሱ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ስለ ቡናው ዋጋ፣ ስለ ጉልበት ሕመምና በልጅነታቸው ስለነበረ አንድ ትልቅ ዛፍ ያወሩ ጀመር። አመሹ። ቃሉን ሆን ብዬ ነው የተጠቀምሁበት፤ አመሹ።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን እናቴን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣን። ያን መንገድ በሌሊት በእግሬ ከሄድሁበት ዓመታት አልፈዋል። ቆጠራ የሙያ በሽታ ነውና በየደጃፉ የበሩትን መብራቶች ቆጠርኋቸው፤ ሻማውንም፣ ፋኖሱንም፣ የስልክ ባትሪውንም አንድ ላይ። ሠላሳ ሰባት ነበሩ። ደጀ ሰላሙ ላይ ፈታሾች ነበሩ፤ እጄን ወደ ላይ አንሥቼ ተፈተሽሁ፤ የእናቴን መቋሚያ ሳይቀር አገላብጠው አዩት። ይህን የምነግራችሁ ፍርሃቱ አልቆ ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ ነው። አላለቀም ነበር፤ ከዚያ በኋላም በጊዜ የገባንባቸው ማታዎች ነበሩ። ሰው ሁሉ ግን ከነፍርሃቱ ወጥቶ ነበር።

ስለ ማሕሌቱ ብዙ አልልም። አይቶ ለሚያውቅ መንገር ትርፍ ነው፤ ላላየ ደግሞ ቃሌ አይበቃም። ነጭ ነጠላ፣ የጧፍ ጭስ፣ ጸናጽሉ እንደ ደቃቅ ዝናብ። አንድ ሕፃን በአባቱ ትከሻ ላይ ተኝቶ ከበሮው በተመታ ቁጥር ዓይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ይከድን ነበር። ስለ እኚያ በየዓመቱ የበግ ገንዘብ ያወጡ ስለነበሩት ደንበኛዬ አሰብሁ፤ እምነታቸውን እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም። ስማቸውን ግን በልቤ ጠራሁ።

ቅዳሴው አልቆ ስንመለስ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ከሠላሳ ሰባቱ መብራቶች አብዛኞቹ ጠፍተዋል፤ የአዴ ፋኖስ ግን በአጥራቸው ቀዳዳ በኩል ትታያለች። የእግራችንን ኮቴ ሲሰሙ ከውስጥ ሆነው፣

«አካም ገልተን?» አሉ።

«ገባን አዴ፣ በሰላም ገባን!» አለች እናቴ። ፍሙን አራገበች፤ ቡና ቀላውን አሞቀች፤ የመጀመሪያዋን ጭብጥ ለእኔ ሰጠችኝ። ከአርባ ምናምን ቀን በኋላ የሚቀመስ ቅቤ ከቡና ጋር ምን እንደሚመስል ለመግለጽ አሁንም ቃል እየፈለግሁ ነው።

በእኛ ሰፈር ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ሲነጋ ገበቴውን አጥባ ትልቅ ቁራሽ ድፎ ዳቦ አስቀመጠችበትና እንዳደርስ ላከችኝ። አዴ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዳቦውን ተቀበሉ፣ ሽታውን ሳቡ፣ በኦሮምኛ ረዘም አድርገው መረቁኝ። አሜን አልሁ። ልመለስ ዞር ስል እጄን ያዝ አድርገው፣

«ልጄ፣ ሰኞ ትከፍታላችሁ አይደል? የልጅ ልጄ የቡና ገንዘብ አለው፤ በጠዋት መጥቶ በጊዜ እንዲመለስ ነው።»

«እንከፍታለን አዴ፤ ሁለት ሰዓት ላይ። ከፊት አሰልፈዋለሁ።»